ጥግ ላይ ማነቆ የለም

ሰው ያልታጠበ እጁን ይዞ ዕቃ ሲነካ ማየት አልችልም። እንዲህ የምትል ሴት ምን ብላ ጌም ቤት ከፈተች ብትሉኝ ችግር ነው ያስከፈተኝ። ከአባታችን የተረፈችን አንዲት የመንገድ ዳር ክፍል ነበረች፣ ወንድሜ አናጢ ነበር፣ እኔም የሰው ቤት ተቀጥሬ መላላክ አንገሽግሾኝ ነበርና ከፈትነው። የማሽኖቹን ሣጥን የሠራው እሱ ነው፤ በርጩማዎቹንም እሱ። የማጸዳው ደግሞ እኔ። ከማሽኑ ሆድ ሥር የሚለጥፉትን ማስቲካ በቢላ የምፍቀው እኔ ነኝ፤ ከመልመዴ የተነሳ በቀለሙ ብቻ የማን አፍ ውስጥ እንደነበረ እለያለሁ። አረንጓዴው የአስተማሪው ነው። እሱው ራሱ ክፍል ውስጥ ማስቲካ ያኘከ ተማሪ ያስወጣል አሉ።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ግድግዳው ነው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በግራ በኩል ባለው ግድግዳ ይሰለፋሉ፤ ጀርባቸውንና ጭንቅላታቸውን ተደግፈው ስለሚቆሙ ቀለሙ ላይ የላብና የፀጉር ቅባት ጥቁር መስመር ሠርቷል። በየሳምንቱ በሳሙናና በብሩሽ እፈትገዋለሁ። በየሳምንቱ ይመለሳል። ያንን መስመር ባየሁት ቁጥር የማን ማጅራት ነው እያልኩ ቅፍፍ ይለኛል።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ ሰዎች የሚሰበስባቸው «ጡጫ» ነው። ትክክለኛ ስሙ በባዕድ ፊደል ማሽኑ ላይ ተጽፏል፤ እኛ ቤት ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ በግራ እጁ ዘንጓን እያዞረ፣ በቀኝ እጁ ቁልፎቹን እየመታ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ተደባዳቢ የሌላውን ተደባዳቢ እስኪዘርረው መደብደብ ነው። በቃ። ታሪክ የለው፣ ቁም ነገር የለው። ያሸነፈ በርጩማው ላይ ይቀራል፤ የተሸነፈ ተነስቶ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ሳይሸነፍ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሲመጣ በርጩማው ይለቀቅለታል። የቤታችን ሕግ ይኸው ነው፤ ማንም ይሁን ማን፣ ከተሸነፈ ሰልፍ ነው።

ሌላም ሕግ ነበረን። ከ«ጡጫ» በላይ ግድግዳው ላይ ወንድሜ በመሮ ፈልፍሎ የጻፋት ጣውላ ተሰቅላለች፤ «ጥግ ላይ ማነቆ የለም» ትላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ከተደባዳቢዎቹ አንዱ ሆዱ እንደ በርሜል የሆነ ታጋይ ነው፤ እኛም በርሜሉ እንለዋለን። በርሜሉ ሰውን ጥግ ካስያዘ በኋላ አንገቱን አንቆ መሬት ላይ ይፈጠፍጠዋል። የተፈጠፈጠው ሰው ሲነሳ የሚነሳው እዚያው በርሜሉ ብብት ሥር ነው። እንደገና ይታነቃል፣ እንደገና ይፈጠፈጣል፣ ነፍሱ እስክትወጣ። ምንም ቁልፍ ብትመታ ማምለጫ የለም። ሠሪዎቹ የዘነጉት ነገር ነው ይላሉ የሚያውቁት።

ይህን መጀመሪያ የደረሰበት ወንድሜ ነበር። ያን ሰሞን ሁሉ ሲያንቅ ከረመ። ግድግዳ የሚያዋስነን ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ጥግ ተይዞ፣ ቁልፉን በከንቱ ሲደበድብ፣ ትልቅ ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወንድሜ ይህን አየና ከበርጩማው ተነሳ። «ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ማረድ ነው» አለ። ጓሮ ገብቶ መሮውንና ጣውላውን አነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት ጥግ ላይ የሚያንቅ ሰው ጠፋ። የሌላ ጌም ቤት ልጆች ሳቁብን። የራሳቸው ጉዳይ፤ ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ መሀል ንጹሕ ነገር ብዬ የማያት ያቺን ጣውላ ነበር።

ያኔ የወንድሜ እጅ ደህና ነበር። በኋላ ግን የሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ የሚሽከረከረው መጋዝ የቀኝ እጁን አንጓ ያዘው። ሐኪሞቹ ሰፍተው መለሱለት፤ ጅማቱን ግን አልመለሱትም። ከአምስቱ ጣቶቹ የምትታዘዘው ሌባ ጣቱ ብቻ ናት። የቀሩት እንደ ክፉ ዘመድ ናቸው፤ አሉ ይባላሉ እንጂ ለችግር አይደርሱም።

ከዚያ በኋላ ከክፍሉ አልወጣ አለ። የሠርግ ጥሪ ሲመጣ አሞኛል፣ የለቅሶ ጥሪ ሲመጣ አሞኛል። ወዳጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ይደብቃል። ምግቡን እንኳ በግራ እጁ ሲበላ እንዳላየው ፊቱን አዙሮ ነው። ይህ ሰው ለእኔ ወንድምም አባትም ነው፤ ትምህርት ቤት ያስገባኝ፣ ጫማዬን ያሰረልኝ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለሁ ያስቸገረኝን ጎረምሳ በጆሮው እየጎተተ ለእናቱ ያስረከበ እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ደንበኞቹም ከእኔ ሰምተው ጋሼ ይሉታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሳይጠራ መጣና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ግራ እጁ ዘንጓ ላይ፣ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ቁልፉ ላይ። ሽማግሌው የሚባለውን፣ ጺሙ የረዘመውን ቀጭን ተደባዳቢ መረጠ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች በአንዲት ጣቱ አንድ በአንድ ዘረራቸው። ማንም አልተወለትም። ርቀት ይጠብቃል፣ ሰውየው እስኪሳሳት ይታገሣል፣ ከዚያ አንዴ ነው፤ ጠብ! ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይመጣ ነበር። እኔም ነጭ ሸሚዙን እያጠብኩና እየተኮስኩ አለብሰው ጀመር። ሙሽራ የሚመስል ሰው በዚያ ግም ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ከበርጩማው ተነስቶ ግድግዳውን ስለማይደገፍ ሸሚዙ እንደነጣ ይመለሳል።

በመካከሉ «ጡጫ ሁለት» መጣ።

ማሽን ጠጋኙ የድሮውን ካርድ ከሣጥኑ ሆድ ነቅሎ አዲሱን ሲሰካ፣ «ተሻሽሏል እኮ፣ እህት! ታዪዋለሽ» አለኝ። አየሁት። የመጀመሪያው ላይ አንድ ሰው ሆዱን ሲመታ «እህ» ብሎ ይወድቅ ነበር፤ በዚህኛው ከአፉ ቢጫ ነገር እየተፋ ነው የሚወድቀው። መሻሻል ማለት ትውከት ነው እንግዲህ! በእያንዳንዱ ምት ላብ ይረጫል። ከኋላ ያሉት ተመልካቾች ድሮ እንደ ሥዕል ዝም ይሉ ነበር፤ አሁን አፋቸውን እየከፈቱ ይንጫጫሉ፣ የኔዎቹ ያነሱኝ ይመስል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ተደባዳቢ መምረጥ ይችላል፤ የሸሚዙ ቀለም ብቻ ይለያል፤ በርሜሉ በርሜሉን ሲያንቅ ታያላችሁ። አንዱ ምት ከገባ ሌሎቹ በሰንሰለት ይከተላሉ። እንደዚያ ሲሆን እነ አስተማሪው ከመደሰታቸው የተነሳ ስክሪኑ ላይ ይተፋሉ፤ ሳያስቡት ነው፣ ሲጮሁ ነው፤ የምጠርገው ግን እኔ ነኝ።

ከሁሉም ያንገፈገፈኝ ግን የመጨረሻው ነው። ጨዋታው ሲያልቅ የተሸነፈው ተደባዳቢ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። ዓይኑ አብጦ፣ ከንፈሩ ተተርትሮ፣ ለሃጩ እስከ አገጩ ወርዶ። ሰው ተሸነፈ፣ በቃ ተሸነፈ፤ ለምን እንደዚያ አድርገው ያሳዩታል? በየጨዋታው ያ ፊት በመጣ ቁጥር ፊቴን ወደ ባንኮኒው እመልስ ነበር። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል፤ እኔ ገና ካርዱ ሲሰካ ነው ያላማረኝ።

ማነቆውንም አስተካክለውታል። አሁን በርሜሉ አንገትህን ሲይዝ፣ በያዘበት ቅጽበት የዳሩንና የመሀሉን ቁልፍ አንድ ላይ ከመታህ ገፍትረኸው ታመልጣለህ። ሁሉም ጨፈሩ። «ከዚህ በኋላ ሕጉ አያስፈልግም፣ ማሽኑ ራሱ ዳኛ ሆኗል» አሉ። ባንድ ሳምንት ውስጥ ያ ሁሉ ጨዋ ሰው አናቂ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ሠሪዎቹ ማነቆውን እናስተካክል ብለው ይሉኝታውን አጠፉት። ድሮ ሰው ስለሚያፍር አያንቅም ነበር። አሁን ማምለጫ ስላለ ይተናነቃል።

ማምለጫው ግን ሁለት ጣት ይፈልጋል። ወንድሜ ያለው አንድ ነው።

ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ከበርጩማው ከተነሳ ወደዚያ ክፍል ተመልሶ ብርድ ልብሱን ይከናነባል፤ ሁለተኛ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ እሱ በሌለበት ሁሉንም ሰበሰብኩና አስታወቅኳቸው። «እናንተ እርስ በርሳችሁ ተናነቁ፣ ብትፈልጉ ተላለቁ። ጋሼ ፊት ግን ጣውላዋ እንደተሰቀለች ናት። አንድ ሰው ቢያንቀው ደጄን አይረግጣትም።» ወንድሜ የሚመጣው የግቢውን በር ወጥቶ በመንገድ ዞሮ ነው፤ ከቤት ወደ ጌም ቤቱ የሚያስገባው የውስጥ በር በለስላሳ ሣጥኖች የተዘጋ ነበርና። በመስኮት ሳየው ባንኮኒውን በቁልፍ ቋ ቋ አደርጋለሁ። ሰዎቹ ወዲያው ማነቅ ይተዋሉ። እሱ ሲገባ ቤቱ የመነኮሳት ይሆናል። ሽማግሌውን ይመርጣል፣ ሁሉንም ያሸንፋል፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ይመለሳል።

ይህን ስምምነት አንድም ቀን ያልወደደ አንድ ሰው ነበር፤ ቅባት።

ቅባት ማዕዘኑ ላይ ድንች ጠባሽ ነው። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ምን እንደሆነ ጠይቄም አላውቅ። ድንቹን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይገባል፤ እየበላ ይጫወታል፤ ጣቱን ይልሳል፤ የላሰውን ጣት ቁልፉ ላይ ያሳርፋል። እሱ የተጫወተበት ማሽን ላይ እጅ ይንሸራተታል። ጥፍሮቹ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። ሲስቅ የታኘከ ድንች ይታያል። ከደንበኞቼ ሁሉ አንዱን መርጠሽ አባሪ ብባል ዓይኔን ሳላሽ እሱን ነበር። ጎበዝ ተጫዋች መሆኑ ደግሞ ያበሽቀኛል።

አንድ ቀን ጠዋት የለስላሳ መኪና መጥቶ ባዶዎቹን ሣጥኖች ጫነ። የውስጡ በር ተከፈተ ማለት ነው። እኔ በሩ ተከፍቶ በማየቴ ደስ ብሎኝ ሥሩን ጠረግኩ፣ የሞተ በረሮ አወጣሁ፣ መጋረጃ ሰቀልኩበት፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ መስኮቱን ነበር የምጠብቀው።

ቅባትና አስተማሪው ተቀምጠው ነበር። ቅባት አስተማሪውን ጥግ አስይዞ ሲያንቅ፣ አስተማሪው ሲያመልጥ፣ ቅባት ሲያንቅ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ጋሼ ሊመጣ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር እንደተበተነ። እሱም ሳያራግፈው ነው የሚገባው።

«ይምጣ!» አለ ቅባት። «እኔ ከዛሬ ጀምሮ አልተውለትም።»

«ነውር ነው፣ ተው።»

«ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ሰውየውን አሻንጉሊት አደረጋችሁት እኮ! ይሄ ጌም ከመጣ አንድ ቀን ተሸንፎ ያውቃል? ይሄ ሁሉ ጎረምሳ ተሰልፎ ይወድቅለታል። እኔ እንዲህ ቢያደርጉኝ አብዳለሁ።»

«አንተ ድንችህን ጥበስ!» አልኩት ከባንኮኒው። «ሰው ስለማይወድቅልህ ቀናህ እንዴ?»

«ለሰው ማዘን ነውር አይደለም» አለ አስተማሪው፣ ማስቲካውን በምላሱ ወደ ጉንጩ እየገፋ፣ ክፍል ፊት የቆመ ይመስል። «አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባላል። እኛ ሁለተኛውን እጅ ሆነንለት ነው። ይህ ደግሞ የሚያኮራ እንጂ…»

አልጨረሰም። ዓይኑ ከኋላዬ ቀረ። የሁሉም ዓይን ከኋላዬ ቀረ። መጋረጃው ሲንሸራተት የቀለበቶቹን ድምፅ ሰማሁ።

ጋሼ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ስክሪኑ ላይ በርሜሉ የአስተማሪውን ተደባዳቢ አንገት ይዞ ነበር፤ የሚነካው ስላልነበረ ፈጠፈጠው፣ ተፋ፣ ወደቀ።

«ቀጥሉ» አለ ወንድሜ።

አስተማሪው ማስቲካውን ዋጠ።

«ቀጥሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ? ከመቼ ጀምሮ ነው ከማነቆ ማምለጥ የተቻለው?»

ፀጉር አስተካካዩን ነበር የጠየቀው። ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን ተመለከተ። ከሰልፉ ጭራ የቆመውን ደንበኛችንን ሹፌሩን አየው፤ ሹፌሩ ኪሱ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ጋሽዬ…»

«ታውቂ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አውቅ ነበር።»

አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እኔ ከማሽኑ ሥር የምፍቀውን ማስቲካ የማይበት ዓይን አለ፤ ራሴን በመስታወት አይቼው ባላውቅም አፍንጫዬ እንዴት እንደሚጨማደድ፣ ከንፈሬ እንዴት እንደሚንጋደድ ይሰማኛል። በዚያ ዓይን ነው ያየኝ። እንደተላሰ ጣት፣ እንደ ግድግዳው መስመር። ተጸየፈኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ስጸየፍ ኖሬ፣ ሰው ሲጸየፈኝ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«በየቀኑ ሸሚዝ እየተኮስሽ የምትልኪኝ ለዚህ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወደ ማሽኑ ሄደ። «ትናንት ሳልሸነፍ ነው የሄድኩት። በሕጉ በርጩማው የኔ ነው። ተነስልኝ፣ አስተማሪ።»

አስተማሪው እንደ እሳት የነካው ዘሎ ተነሳ።

«ቅባት፣ በርሜሉን ይዘሃል አይደል?»

«ይዣለሁ፣ ጋሼ።»

«ከተውክልኝ በዚህ በግራዬ ነው የማጮልህ።»

«እኔ ነኝ የምተወው?» አለ ቅባት። ተነሳና የያዘውን ወረቀት ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠ፣ ወረቀቱ ወዲያው ዘይት አጠጣው። ከዚያ አዲሱን መጋረጃዬን ጎትቶ ሁለት እጁን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ጣቱን ሳይቀር ጠራረገበት። ቁልፍ ከመንካቱ በፊት እጁን ሲጠርግ አይቼው አላውቅም። ያን ዕለት ለወንድሜ ብሎ ጠረገ። በመጋረጃዬ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ጀመሩ። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ሸሸት፣ ጠብቆ ጠብ። ሸሸት፣ ጠብ። ቅባት አልተቻኮለም፤ እያለከለከ፣ ምላሱን በጥርሱ መሀል አውጥቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ጥግ ገፋው። ሽማግሌው ጀርባው ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ተጣበቀ። ቅባት አነቀው።

የወንድሜን እጅ አየሁ። ሌባ ጣቱ የዳሩን ቁልፍ መታች። ሌሎቹ ጣቶች ተንቀጠቀጡ፣ ወደ መሀሉ ቁልፍ ለመሄድ አሰቡ መሰለኝ፤ አልደረሱም። ሽማግሌው ተፈጠፈጠ። ተነሳ፣ ታነቀ፣ ተፈጠፈጠ። ወንድሜ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። የመጀመሪያው ዙር አለቀ።

«ቅባት፣ በቃ አሁን…» አለ ፀጉር አስተካካዩ በቀስታ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ፣ ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ወንድሜ እንደ ድሮው ተጫወተ። ዘለለ፣ ተሽሎከለከ፣ የቅባትን በርሜል ግማሽ ነፍስ አወጣ። ከዚያ ግን ከጥግ ማምለጥ አልቻለም፤ የበርሜሉ እጅ ሲዘረጋ አየሁ። በዚህ ጊዜ ወንድሜ ክንዱን በሙሉ ከፍ አድርጎ እንደ መዶሻ ቁልፎቹ ላይ ጣለው። ያሉት ቁልፎች በሙሉ ባንዴ ተመቱ። ሣጥኑ፣ እሱው ራሱ የሠራው ሣጥን፣ ተንገጫገጨ። ሽማግሌውም በርሜሉን ገፍትሮ ወጣ!

ቤቱ ጣሪያው የሚነሳ እስኪመስለን ጮኸ። እኔም ጮህኩ መሰለኝ፤ ባንኮኒው ላይ ያለው ብርጭቆ ሲወድቅ እንኳ አልሰማሁም። ቅባት፣ «ኧረ ባክህ!» ብሎ እየሳቀ፣ ድንቹን እያሳየ፣ እንደገና ገፋው። እንደገና አነቀ። ወንድሜ እንደገና ክንዱን ጣለ፤ እንደገና አመለጠ። በሦስተኛው ግን ክንዱ ዘገየ። ሽማግሌው ተፈጠፈጠ። አልተነሳም።

ያ ፊት መጣ።

ሽማግሌው ስክሪኑን ሞላው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ ጺሙ በደም ተለውሷል፣ ለሃጩ ተንጠልጥሏል። እንደ ልማዴ ፊቴን ላዞር ስል ወንድሜን አየሁት። ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ፣ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ፣ በደንብ ያያል። ይህን ፊት አይቶት አያውቅም። ጌሙ ከመጣ ጀምሮ የእኛን የሁላችንንም ተደባዳቢ ፊት አይቷል፤ የራሱን ግን ማንም አላሳየውም።

«እንዲህ ነው እንዴ የምመስለው?» አለ።

«ከዚህም ትብሳለህ፣ ጋሼ» አለ ቅባት።

ወንድሜ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከመጋዙ በኋላ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ተነሳ፤ በርጩማው ላይ ቆመ። ሰዎቹ ሊደግፉት እጃቸውን ዘረጉ፣ እሱ ግን ማንንም አላየም። በግራ እጁ ጣውላዋን ያዘና ጎተታት። ምስማሩ ሲጢጥ ብሎ ወጣ።

«ጋሼ፣ እሷን እንኳ ተዋት» አልኩ።

«የሰቀልኳት እኔ ነኝ፣ የማነሳትም እኔ ነኝ» አለና ጣውላዋን በእጄ አስያዘኝ። ጀርባዋ የሸረሪት ድርና የዝንብ ኩስ ሞልቶበታል። እንደዚያ ይዣት ቆምኩ፤ ስንት ዓመት ንጹሕ ናት ስላት የነበረችው እሷን ነው።

ከበርጩማው ወርዶ ወደ ሰልፉ ሄደ። ከሰልፉ ጭራ የነበረው ሹፌሩ ገለል አለና፣ «ኧረ ጋሼ፣ ከፊቴ ግባ» አለው።

«ተራህን ጠብቅ» አለው ወንድሜ። «እኔ አሁን ነው የተሸነፍኩት።»

ሹፌሩ እየፈራ ወደ ቦታው ተመለሰ። በርጩማው ላይ ፀጉር አስተካካዩ ተቀምጦ ከቅባት ጋር መተናነቅ ጀመረ። የቅባት ድንች ባንኮኒዬ ላይ እየቀዘቀዘ ነው፤ የተሰበረው ብርጭቆ እግሬ ሥር ነው፤ መጋረጃዬ ላይ አሥር የጣት ፈለግ አለ። መጥረጊያውን ላነሳ ሄድኩና ቀና ስል ወንድሜን አየሁት። ከሹፌሩ ቀጥሎ፣ እኔ በየሳምንቱ የምፈትገውን ያንን ጥቁር መስመር ተደግፎ፣ ነጭ ሸሚዙ ከትከሻ እስከ ወገቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ የተበላሸ እጁን ሰው ሁሉ እያየው ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ «ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ ተራውን ይጠብቃል። ሸሚዙን የማጥበው እኔ ነኝ። አጎነበስኩና ብርጭቆውን መጥረግ ጀመርኩ።